አደራ መጠባበቂያ አይሆንም



ከጥቂት ዓመታት በፊት የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ ነዋሪው ሲቸገር፣ የሒሳብ ክፍላችንን «ለጊዜው ከደመወዝ ከተቀነሰው ግብር ክፈሉልኝ» ብዬ ለመንሁ። ፓምፑ ተገዛ፤ ግብሩ ግን ሦስት ወር ዘገየ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 አሠሪ የቀነሰውን ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ እንዲያደርግ ደንግጓል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አሠሪ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደግሞ፣ ከቅጣቱ ሌላ፣ በከፍተኛው የንግድ ባንክ ማበደሪያ ምጣኔ ላይ 15 በመቶ ታክሎ የሚሰላ ወለድ ጥሏል። የወለዱ ጠቅላላ ምጣኔ 20 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ 1 ሚሊዮን ብር በ90 ቀን 49,300 ብር ያህል ወለድ ያስከፍላል።

«ከመንግሥት ኪስ ወደ መንግሥት ኪስ ነው» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ወለዱ የሚወጣው ለጥገና ከተያዘው ገንዘብ ስለሆነ፣ ዞሮ ዞሮ የሚጠማው ያው ነዋሪ ነው።

እንግዲህ መለዋወጫውን ሳይበላሽ እናቅድ፤ መጠባበቂያውን በበጀት እናስይዝ። ከሠራተኛው የተቀነሰው ግብር ግን አደራ ነውና በቀኑ ይድረስ።