ጦሩ ለምን ወጣ? ስለ ሰኔ 21 ቀን 2013 ውሳኔና ስለ ሕዝቡ ግራ መጋባት
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ወርሐዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ዘመናቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



የማኅበሩ ኮሚቴ በዚህ ጉዳይ እንድናገር ሲጠይቀኝ «ያለፈ ነገር ማንሣት ምን ይጠቅማል?» ያሉ ነበሩ። ማለፉንስ አልፏል። ነገር ግን በየቡናው ላይ ሲነሣ ዛሬም ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ያወራል። አንዱ «ጦሩ ተገፍቶ ነው የወጣው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ለገበሬው ታስቦ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የውጭ መንግሥታት ጫና ነው» ብሎ ይሟገታል። ጎረቤትና ጎረቤት በዚህ ነገር ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሷል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ምን ተባለ፣ መቼ ተባለ፣ ምንስ ሆነ የሚለውን በቅደም ተከተል ማየቱ አይከፋም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ውጊያው የተጀመረው ጥቅምት 24 ለ25 ሌሊት 2013፣ በሰሜን ዕዝ ላይ ጥቃት ሲፈጸም ነው። መንግሥት ያን ጊዜ ጦርነት አላለውም፤ «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ነበር ያለው። ኅዳር 19 ቀን ጦሩ መቀሌ ገባ፤ የዘመቻው የመጨረሻ ምዕራፍም ተጠናቀቀ ተባለ። ልብ በሉ፣ ተጠናቀቀ ተባለ። ውጊያው ግን በየገጠሩና በየተራራው ቀጠለ። ሚያዝያ 28 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን በአሸባሪነት ፈረጀ። ሰኔ 14 ቀን ትግራይን ሳይጨምር በብዙው የአገሪቱ ክፍል ምርጫ ተደረገ። ልክ በሳምንቱ፣ ሰኞ ሰኔ 21 ቀን፣ ጦሩ መቀሌን ለቆ ወጣ፤ በዚያው ዕለትም የፌዴራሉ መንግሥት የተናጠል ተኩስ አቁም ማወጁ ተነገረ።

እንግዲህ ተራው ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ዘመቻው ካለቀ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ያለቀ ዘመቻ ደግሞ ምን ተኩስ ይቆምለታል? አሸባሪ ተብሎ ከተፈረጀ ሁለት ወር ላልሞላው ወገን ከተማ ተለቆ የሚወጣውስ በምን ሂሳብ ነው? ይህን የጠየቀ ሰው ጠላት ወይም ወሬ አናፋሽ አልነበረም። መቁጠር የሚችል ሰው ነበር፤ አበቃ።

የመጀመሪያው መግለጫ የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር። የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር ጠይቋል፤ ክረምት ገብቷል፤ ገበሬው ያለ ሥጋት እንዲያርስ፣ ርዳታም እንዲደርስ ተኩሱ እስከ እርሻው ወቅት ማብቂያ ይቆማል የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ባዶ አልነበረም። በዚያው ሰኔ መግቢያ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ከ350,000 በላይ ሰዎች ረሀብ ላይ ናቸው ብለው ነበር፤ መንግሥት ቁጥሩን ባይቀበለውም። ሰኔ ሳይዘራ ካለፈ ደግሞ መስከረም ምን እንደሚመስል ከገጠር የመጣን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሁለት ቀን ሳይቆይ ግን ሌላ ምክንያት መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መቀሌ እንደ ቀድሞው የስበት ማዕከል አይደለችም አሉ። ባለሥልጣኖች ደግሞ ካስፈለገ በሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ተመልሰን እንገባለን አሉ። እንዴ! ለገበሬው ታስቦ ከሆነ መቀሌ የስበት ማዕከል ሆነች አልሆነች ምን አገባው? የስበት ማዕከል ስላልሆነች ከሆነ ደግሞ ገበሬው ምን አመጣው? ሁለቱም ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ውሳኔ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። ነገር ግን አንዱ ሌላውን ሳያነሣ በየተራ ሲነገር ሰሚው ሁለቱንም ማመን ያቅተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የሰውን ልብ የሰበረው ጦሩ መውጣቱ ሳይሆን ይኸው ነው።

አንድ የቃል ጉዳይም አለ። ብዙ ሰው «ተኩስ አቁም» ሲባል ሁለቱ ወገኖች የተስማሙ መስሎት ነበር። «የተናጠል» የምትለዋን ቃል ያስተዋላት ጥቂት ነው። የተናጠል ማለት እኔ በበኩሌ አቁሜአለሁ ማለት ነው፤ ሌላውን አያስረውም። ሕወሓትም አልተቀበለውም፤ በሳምንቱ የራሱን ቅድመ ሁኔታዎች አወጣ፤ ከእነዚህም መካከል የኤርትራና የአማራ ኃይሎች ከክልሉ ይውጡ የሚል ነበረበት። ማፈግፈግ ሌላ ነው፣ ቦታ መልቀቅ ሌላ ነው፣ ስምምነት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ያን ሳምንት በአንድ ከረጢት ተከተው ተናጡ።

ለመቀሌ ነዋሪ ደግሞ ቀኑ ሌላ ቀን ነበር፤ ይህንም መርሳት የለብንም። ብዙ ሰው ወደ አደባባይ ወጥቶ ጨፍሯል። ከጭፈራው ጀርባ ግን መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። እዚህ አዲስ አበባ የሚኖር የትግራይ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ ወራት ቆጠረ። ጦሩ ሲወጣ ለሲቪሉ ሕዝብ ማን ኃላፊ እንደሚሆን በመግለጫው ላይ በሚገባ የተነገረ ነገር አልነበረም።

በእኛ በኩልስ? ጦሩ በወጣ በአራተኛው ቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የተማረኩ ወታደሮች በመቀሌ ጎዳና ሲሄዱ የሚያሳይ ምስል ወጣ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እናቶች መነጽር ተዋውሰው በልጆች ስልክ ላይ ፊት ሲፈልጉ አመሹ። አንዲት የሠፈራችን እናት ምስሉን ደጋግማ እያስቆመች «ይሄ ትከሻ የእሱ ነው» ስትል ሰምተናታል። ተኩስ አቁም ነው ከተባለ ይህ ሁሉ ምርኮኛ ከየት መጣ ብሎ ለጠየቃት ሰው መልስ የሚሰጥ አልነበረም። መልስ በሌለበት ደግሞ አሉባልታ ይነግሣል። ጦሩ ወደ ሱዳን ድንበር ሄደ ያለ አለ፤ ለሕዳሴው ግድብ ሙሌት ነው ያለ አለ፤ ተሽጠናል ያለም አለ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ነው እኔ የምፈራት። «ተሽጠናል» የሚል ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሻጩ ማነው?» ብሎ ነው፤ ዓይኑም አብሮት ዕድር ወደሚበላው ጎረቤቱ ይዞራል።

ደግሞም ዞሯል። ከዚያ ክረምት ጀምሮ የትግራይ ተወላጆች የሆኑ ጎረቤቶቻችን ተይዘዋል፣ ሱቃቸው ተዘግቷል። ሐምሌ ላይ ውጊያው ወደ ደቡብ ወረደ፤ አላማጣና ኮረም ተያዙ፤ ሐምሌ 29 ቀን ላሊበላ፤ በጥቅምት ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ነዋሪው መሣሪያውን አስመዝግቦ ሠፈሩን እንዲጠብቅ ተነገረው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት አራት ወር ነው። በሰኔ «ሥጋት አይደሉም» የተባለ ኃይል በጥቅምት የመንደር ጥበቃ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ጥበቃ የቆመው ሰው ማንን እንደሚጠረጥር አስቡት። ከወሎ የተፈናቀሉ ዘመዶቻችንን በየቤታችን ያስተናገድንበት ወቅትም ይኸው ነው፤ እነሱም ሌላ ነገር አልጠየቁንም፣ «ጦሩ ለምን ቀድሞ ወጣ?» ብቻ ነበር የሚሉት።

አረጋውያኑ ይህን ሲሰሙ ሌላ ጊዜ ያስታውሳቸዋል። በየካቲት 1981 ከሽሬ ሽንፈት በኋላ የደርግ ሠራዊት መቀሌን ለቆ ሲወጣ ብዙ ሰው ሬዲዮኑን አቅርቦ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ነበር የሚያዳምጠው፤ ከአገር ቤቱ ሬዲዮ ፍሬ ነገር አይገኝማ። በ2013 ግን ችግሩ ዝምታ አልነበረም፤ መግለጫ ሞልቶ ነበር። የ1981 ሰው ጨለማ ውስጥ ነበር፤ የ2013 ሰው ብዙ መብራት በአንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ በራበት። ሁለቱም አላዩም።

በታኅሣሥ 2014 ደግሞ ነገሩ በትንሹ ተደገመ። የሕወሓት ኃይሎች ከአማራና ከአፋር ክልል ወጡ፤ ጦሩም በያዘው ቦታ እንዲጸና፣ ወደ ትግራይ እንዳይገባ ታዘዘ። «ደርሰን ለምን ቆምን?» የሚል ጥያቄ እንደገና በየቦታው ተነሣ። በዚህኛው ላይ እንኳ መንግሥት ከቀድሞው ይልቅ ቀጥ ያለ ነገር ተናግሯል ባይ ነኝ፤ የት እንደሚቆም ተነገረ፣ እዚያው ቆመ። የሚቃወም ተቃወመ፤ ግን ምን እንደሚቃወም ያውቅ ነበር። ውጊያው በነሐሴ 2014 እንደገና ተቀስቅሶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሁለቱ ወገኖች የፈረሙት ስምምነት ነው የቋጨው። ይኸኛው የተናጠል አልነበረም፤ ሁለት ፊርማ አለበት።

ጦሩን ማስወጣት ስሕተት ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለክረምቱና ለገበሬው ሲባል ተኩስ መቆሙን እደግፋለሁ። የማልደግፈው አንዲት እናት ልጇ ያለበት ጦር የት እንደሄደ ከጠላት ምስል ላይ ፈልጋ እንድታገኝ መደረጉን ነው። የምርኮኞቹ መለቀቅ እንኳ ጊዜ ወስዷል፤ ሕወሓት በግንቦት 2014 ከ4,000 በላይ ለቅቄአለሁ ብሎ ሲያስታውቅ ከዚያች ሰኔ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ገደማ አልፎ ነበር።

ከስብሰባው አስቀድሞ ኮሚቴው ባደረገው ንግግር ሁለት ነገር ተወስኗል። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የአገር ጉዳይ መግለጫ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ማን እንደተናገረውና የተነገረበት ቀን ከላዩ ይጻፍበታል፤ ኋላ የወጣ መግለጫ ፊተኛውን ሸፍኖ አይለጠፍም፣ ጎን ለጎን ይደረጋል። ሁለተኛ፣ ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ልጃቸው ወይም ዘመዳቸው ጠፍቶባቸው እስካሁን ቁርጡን ያላወቁ ቤተሰቦች፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ብሔር ሳይለይ፣ ስም እናሰባስባለን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት ስላለው ዝርዝሩ ወደዚያው ይቀርባል። የጠፋው ሰው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመጨረሻ ድምፁ የተሰማበት ቀንና ቦታ፣ ካለም አንድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ። ምዝገባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ ነው፤ መጻፍ ለማይችሉ የሚጽፍላቸው ሰው ተመድቧል።