በግሸን መንገድ ዳር

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

 ባለፉት ዓመታት ከመካከላችን የተለዩንን ጓደኞቻችንን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርልን።

አዘጋጆቹ «የእግዚአብሔርን ጊዜ ስለመጠበቅ ተናገሪ» ሲሉኝ እውነቱን ለመናገር ሳቄ ነው የመጣው። እኛ ሐኪሞች ስለ መጠበቅ ምን እናውቃለን? የተማርነው አለመጠበቅን ነው። ደም የሚፈሳት ወላድ ቀጠሮ አይሰጣትም። በዲዩቲ ሌሊት «እስኪ ትንሽ እንየው» ብሎ የተኛ ኢንተርን ጠዋት ራውንድ ላይ ምን እንደሚጠብቀው የደረሰብን እናውቃለን።

እኔ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። በእኛ ሙያ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ትምህርት አለ። ሴሪን ታዴዎስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። እናት የምትሞተው ወይ ወደ ሕክምና ልሂድ ብሎ ለመወሰን ሲዘገይ፣ ወይ መንገዱ ሲያዘገያት፣ ወይ ጤና ተቋም ደርሳ ተገቢው እርዳታ ሲዘገይባት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አልቆጥረውም። ታዲያ መዘግየት ይገድላል እያልኩ የምኖር ሴት፣ መጠበቅ መልካም ነው ብዬ እንዴት ልናገር? ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ነገር ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ኩታበር ነው። ደሴን ለቃችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሽቅብ ስትወጡ የምታገኟት ብርዳም ከተማ ናት። መስከረም ሲጋመስ በከተማችን መንገድ የግሸን ማርያም ተጓዥ ይጎርፋል። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በአውቶቡስም በእግርም መስከረም 21 ለመድረስ ይጣደፋል። እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ውኃና ቆሎ ትሰጥ ነበር። ጎረቤታችን ሀጅያም ሙስሊም ናቸው ግን «የእግዜር እንግዳ ነው» ብለው ጆጓቸውን ይዘው ከጎኗ ይቆማሉ። ወሎ እንዲህ ነው።

ገና ልጅ ሳለሁ ተጓዡን በሁለት መለየት ችዬ ነበር። አንዱ ሊለምን የሚሄድ ነው፣ እጁ ባዶ ነው። ሌላው ስለቱ የደረሰለት ነው፤ ጥላ፣ መጋረጃ፣ ዕጣን ይዟል። እናቴን «እማ፣ ያልደረሰላቸውስ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «እነሱማ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ይመጣሉ» ትለኝ ነበር።

ትዳር ከያዝኩ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጅ የለኝም። ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ ጨዋ ስለሆናችሁ አትጠይቁኝም። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ግሸን ወጥታ ተሳለች። ተመልሳ «ማርያም ሰምታኛለች፤ ትወልጃለሽ» አለችኝ። እኔም ያንን ቃል እንደ እግዚአብሔር የተስፋ ቃል ያዝኩት። ቀን ሙሉ የሰው ልጅ ሳዋልድ እውልና ማታ ቤቴ ገብቼ «ጊዜው ሲደርስ» እላለሁ።

አሁን ኑዛዜ ነው፤ ስሙኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ምርመራ አላደረግሁም። ባለቤቴም አላደረገም። አንድ ዓመት ሞክረው ያልጸነሱ ባልና ሚስት ሁለቱም መታየት እንዳለባቸው፣ ወደ ግማሽ ለሚጠጋው ችግር የወንዱም ድርሻ እንዳለበት ለታካሚዎቼ በየቀኑ እናገራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ሰው አንዱን በዕድሜው ይገጥመዋል የሚለው ችግር ስለሆነ አትፈሩ እላቸዋለሁ። እኔ ግን ፈራሁ። ፍርሃቴን እምነት ብዬ ጠራሁት።

ዓይኔን የገለጠችልኝ አንዲት ወላድ ናት። ምጥ ከያዛት በሁለተኛው ቀን አመጧት። እናትየው ተረፈች፣ ሕፃኑን አጣነው። አብረዋት የመጡትን «እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» ብዬ ተቆጣሁ። አንዲት ባልቴት ቀና ብለው «ማርያም ትቀርባታለች ብለን ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ከእኚህ ባልቴት በምን እሻላለሁ? እሳቸው እንኳ መንገዱ ርቋቸው ነው። እኔ ላቦራቶሪው ከቢሮዬ አጠገብ ነው።

በነጋታው ለባለቤቴ ነገርኩት። ተመረመርን፤ ከሁለታችንም ችግር ተገኘ። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፈት፣ ለብዙ ሰው ባሕር ተሻግሮ ይፈለግ የነበረው ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል ተጀመረ። እኛም በዚያው ሰሞን ሕክምና ጀመርን። አንድ ጊዜ ጸነስኩ። በአሥረኛው ሳምንት አልትራሳውንዱ ላይ ልብ አልነበረም። ምስሉን ማንም ሊያብራራልኝ አላስፈለገም።

ከዚያ 2014 መጣ። ጥቅምት 20 ደሴ ተያዘች፣ በማግሥቱ ኮምቦልቻ። ጦርነቱ ኩታበርን ከሁለቱም ቀድሞ አግኝቷት ነበር። እናቴ እዚያው ናት፤ «ቤቴን ጥዬ አልወጣም» ብላ። ስልክ ተቋረጠ። ሁለቱ ከተሞች ኅዳር 27 እስኪመለሱ ድረስ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ከእናንተ መካከል ወሎዬ የሆነ ያውቃል። ጠዋት እደውላለሁ፣ ማታ እደውላለሁ፤ ያቺው የተቀዳች ሴትዮ ናት የምትመልስልኝ።

መጠበቅ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዚያ ጊዜ በእጄ ላይ ያለ አንዳች ነገር አልነበረም። የምመረምረው፣ የማዝዘው፣ የምቀድደው የለም። የቀረኝ «አንተ ታውቃለህ» ማለት ብቻ ነበር። ያኔም ያንኑ ቃል ስናገር፣ ከዚያ በፊት ለአራት ዓመት ስለው ከነበረው ጋር ፈጽሞ እንደማይመሳሰል አወቅሁ። የፊተኛው ከሥራ መሸሻ ነበር። ይኼኛው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚባል ነው።

ስልኩ ሲገባ እናቴ ያለቅሶ «ሀጅያ ቤት ነው ያለሁት፤ እሳቸው ናቸው ያቆዩኝ» አለችኝ። ሀጅያም ተቀብለው «አብሽሪ፣ እናትሽ ደህና ናት» አሉኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እንግዲህ የግሸንን ታሪክ ደግሜ ያሰብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ትውፊቱን ታውቁታላችሁ። ግማደ መስቀሉ ወደ ሀገር ሲመጣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመስቀለኛ ቦታ እንዲያኖሩት በሕልም ተነገራቸው። ቦታው የት እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። ንጉሡ ታዲያ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ቦታው እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። ለዓመታት ተራራ ለተራራ ዞሩ፤ እዚህ ነው ሲሉ አይደለም፣ እዚያ ነው ሲሉ አይደለም። በመጨረሻ አምባሰል ውስጥ፣ ለእኛ ለኩታበሮች ጎረቤት የሆነችው አምባ ላይ ደረሱ። ልጅ ሆኜ ስሰማው ደስ የሚለኝ መድረሳቸው ነበር። አሁን የሚደንቀኝ እነዚያ ያልሆኑት ተራሮች ናቸው። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቆመው «እዚህም አይደለም» ብለው ሲወርዱ ቃሉ ውሸት ነው አላሉም። እግራቸውንም አላቆሙም።

አብርሃምንም አስቡት። በሰባ አምስት ዓመቱ ተስፋ ሰምቶ በመቶ ዓመቱ ይስሐቅን አየ። በመሐል ግን ቸኩሎ በራሱ መንገድ ሞከረ፤ ለቅሶው ለአጋርና ለልጇ ተረፈ። ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል ማለት ነው። አንዱ በእጁ ያለውን ለእግዚአብሔር ይተወዋል፤ ሌላው በእግዚአብሔር እጅ ያለውን ይነጥቃል።

አሁን አርባ አምስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ምን ያህል ዕድል እንዳለ ከእኔ በላይ ለታካሚ የሚነግር የለም። «ስለቴ ደረሰ» ብዬ ንግግሬን ብጨርስ እናንተም ታጨበጭቡ ነበር። አልደረሰም። አንድ ነገር ግን ለይቻለሁ፦ እግዚአብሔር የገባልኝ ቃልና እኛ በእሱ ስም የፈረምነው ቃል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። እሱ አልተውሽም ብሏል፤ ያንን ፈትሼ አግኝቼዋለሁ። ልጅ እሰጥሻለሁ ያለው እሱ ይሁን የእናቴ ናፍቆት፣ ፍርዱን ለእሱ ትቻለሁ። ደጁን ግን አልዘጋሁም።

በዚህ አዳራሽ የሚጠብቅ ብዙ ነው። የስፔሻሊቲ ዕድል የሚጠብቅ አለ፣ ውጭ አገር ወረቀቱን የሚጠብቅ አለ፣ የልጁን መዳን፣ የወንድሙን መመለስ የሚጠብቅ አለ። የማስተላልፈው አጭር ነው። መመርመር ያለበትን ዛሬ አስመርምሩ፣ መጠየቅ ያለበትን ጠይቁ፣ መታረቅ ካለባችሁ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ታረቁ። ያ የእናንተ ነው። የቀረውን ለባለቤቱ ስጡት፤ ሰጥታችሁም ሥራችሁን ሥሩ። እኔ እየጠበቅሁ ያዋለድኳቸው ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተዋል።

ባለፈው መስከረም እናቴን ግሸን ወሰድኳት። ዳገቱ ስለሚከብዳት ደግፌያት ነው የወጣነው። ከነጠላዋ ሥር አዲስ ጥላ አወጣች፤ ያኔ የተሳለችውን። «እማዬ፣ ስለቱ እኮ አልደረሰም» አልኳት።

«አንቺን በሕይወት አየሁሽ አይደል» አለችኝ። «ከእሱ ጋር ሒሳብ ይዤ እስከ መቼ እቀመጣለሁ? የሱን ቀን እሱ ያውቃል፤ የኔ ቀን ግን ዛሬ ነው።» ጥላውን ሰጥታ ባዶ እጇን ወረደች። በልጅነቴ ተጓዡን በሁለት እለይ ነበር ብያችሁ የለ? እናቴ ከሁለቱም አልነበረችም።