የሊዮንቲን ፕራይስ ቀብድ



ሶፕራኖዋ ሊዮንቲን ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1927 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። እናቷ አዋላጅ ነበሩ። ፒያኖ የገዙላት የቤታቸውን ግራማፎን ቀብድ አስይዘው ነው። ጁሊያርድ ለመማር ስትነሳ ደግሞ ፖል ሮብሰን ኮንሰርት አዘጋጅቶ ገንዘብ አሰባሰበላት፤ አክስቷ ተቀጥራ የምትሠራበት ቤተሰብም ደገፋት።

በ1961 ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘፍን ጭብጨባው 40 ደቂቃ ገደማ ቆየ ይባላል። በ1985 ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው የእኛዋን ልዕልት፣ አይዳን ሆና ነው።

ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው እንላለን። ቀብዱን የሚከፍለው ግን ሰው ነው! የእኛንም የከፈሉልን አሉ። ዘንድሮም ስቴቶስኮፕ መግዛት ያቃተው ተማሪ አይጠፋም፤ የማኅበራችን መዋጮ ለእሱ ቀብድ ይሁንለት።