የማይድን የአፍ ቁስል ምች አይደለም

 

እኛ የጋምቤላ ሰዎች ፀሐያችን ብርቱ በመሆኑ አፉ የቆሰለውን ሁሉ «ምች መታው» ብለን ዳማከሴ እናሸዋለን። ምች ግን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። አንድ የጀመዓችን ወንድም ለወራት መዋጥ አቅቶት ከረመ። በኋላ ደረቱና ጀርባው ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት አንዳንዶቻችን በሶፍ ከጎኑ መቆም ፈራን። በዚህ ራሳችንን እንወቅሳለን፤ በሽታው አይተላለፍምና።

ስሙ ፔምፊገስ ይባላል። አላህ (ሱ.ወ.) ከተሕዋስያን እንዲጠብቀን የሰጠን የሰውነት መከላከያ ተዛብቶ፣ የቆዳን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዘውን ማሰሪያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከአፍ ይጀምራል፤ ቆዳ ላይ እስኪወጣ ሳምንታት ወይም ወራት ይቆያል። በአፍ ውስጥ የቋጠረው ቶሎ ስለሚፈርጥ የሚታየው የተላጠ ቁስል ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በዓይን በማየት ብቻ አይረጋገጥም። ሐኪሙ ከአዲስ ቁስል ጠርዝ ትንሽ ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ሁለተኛው ናሙና ከቁስሉ አጠገብ ካለው ጤነኛ ቆዳ ይወሰድና፣ ቆዳውን የሚያጠቁት ፀረ እንግዳ አካላት በሚያበራ ቀለም ይፈለጋሉ። ይህኛው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ይበላሻል። አረጋውያንን የሚያጠቃው፣ ቶሎ የማይፈርጠው ፔምፊጎይድም የሚለየው በዚሁ ምርመራ ነው።

በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት የቆዳ ሐኪሞች አሉት። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለድሃ ይከብዳል። ስለዚህ ለታመመ ጎረቤታችን የመሳፈሪያ ገንዘብ እናዋጣለት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል። ይህ በሽታ ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ከመምጣታቸው በፊት አብዛኛውን ታማሚ ይገድል ነበር። ዛሬ ግን በሕክምና ይገታል። ታማሚው ረመዳን ገባ ብሎ ክኒኑን በድንገት ቢያቋርጥ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ሸሪዓው ለበሽተኛ ፆምን አግርቶለታል፤ ውሃ ቁስሉን ለሚጎዳውም ተየሙም አለለት። ሐኪሙንም ዓሊሙንም ይጠይቅ።

ከሁለት ሳምንት ያለፈ የአፍ ቁስል ያለበት ሰው ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ዓፊያቸውን ይመልስላቸው።