ለሕክምና ፈተና የሚሆን መጽሐፍና የጎጃም ሕመምተኛ



በቀደመው ዘመን ለሕክምና ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የሚቸገረው መጽሐፍ በማጣት ነበር። አንዱ የውስጥ ደዌ መጽሐፍ በተራ ይነበብ፣ ገጹም በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ከታላቅ ለታናሽ ይተላለፍ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ ብዙ መጽሐፍ ስለሚያዝ ችግሩ ወደ ምርጫ ተዛውሯል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ መጽሐፉ የየትኛውን አገር ሕመም ቀዳሚ አድርጎ እንደሚያስተምር ነው።

ማንኛውም መጽሐፍ የተጻፈበትን አገር ሕመም ያስቀድማል፤ ይህም ነውር አይደለም። ነገር ግን ለአሜሪካ ፈተና የተዘጋጀ የጥያቄ መድበል ብቻ ያጠና ወጣት ሐኪም በፍኖተ ሰላም ቢመደብና እግሩ ያበጠ ገበሬ ቢቀርብለት፣ መድበሉ ያስለመደው የልብ ድካምን፣ የኩላሊት ሕመምንና በደም ሥር የረጋ ደምን እንዲያስብ ነው። እነዚህን መመርመር ተገቢ ነው። ሆኖም ገበሬው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ፣ እብጠቱም ከእግሩ መዳፍ ተነሥቶ ከጉልበት በታች የቀረ እንደሆነ፣ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት ነው። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ የሠራው ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምዕራብ ጎጃም ደምበጫና በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች ከመቶ 3.3 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አመልክቷል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እግርን በሚገባ በማጠብ፣ ቆዳውን በማለስለስ፣ በፋሻ በማሰርና ጫማ በማድረግ ይሻላል። ሐኪሙ ካላወቀው ግን ገበሬው በሬውን ሸጦ ከከተማ ከተማ ይንከራተታል፤ ጎረቤትም ይሸሸዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የቡሬ ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ በዚያ ወረዳ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች ወባ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ምክንያቱም የትንኝ እጭ በኩሬ ላይ የሚረግፈውን የበቆሎ ብናኝ እየተመገበ ስለሚፋፋ ነው። ይህን ያወቀ ሐኪም ሕመምተኛውን ስለ ማሳውም ይጠይቀዋል። ስለ አፍሪካ የተጻፈ መጽሐፍም ብቻውን አይበቃም፤ በብዙው የአፍሪካ ክፍል ፋልሲፓረም ገንኖ ሲገኝ፣ በኢትዮጵያ ግን ቫይቫክስም ጉልህ ድርሻ አለው። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ተደብቆ ቆይቶ እንደገና ይነሣል።

የመጽሐፍ ዕድሜም ይታሰብ። የሰውነት ክፍሎች ትምህርት ከታላቅ በተወረሰ መጽሐፍ ሊጠና ይችላል፤ የመድኃኒት ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር፣ ፋንሲዳርንም በ2004 በኮአርተም ተክታለች። የቆየ ማስታወሻ የሸመደደ ተማሪ በፈተናው ነጥብ ቢያጣ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ያንኑ መድኃኒት ለሕፃን ያዘዘ ዕለት ግን ጉዳቱ ሕይወት ነው።

እንግዲህ ለተማሪው አራት መጻሕፍት ይበቁታል፤ እነርሱም በሚገባ የሚነበብ አንድ ዋና መጽሐፍ፣ ሕመምተኛን በእጅና በዓይን መመርመርን የሚያስተምር አንድ፣ ራስን ለመፈተን አንድ የጥያቄ መድበል፣ አራተኛም ስለ ኢትዮጵያ ሕመም የተጻፈ ናቸው። ለአራተኛው መነሻ አይታጣም። የካርተር ማእከል ከመንግሥትና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው ፕሮግራም የአገሪቱ መምህራን ለጤና ባለሙያዎች የማስተማሪያ ጽሑፎች አዘጋጅተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተም የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔትም አለ። የጤና ሚኒስቴር የሕክምና መመሪያዎችም በአዲሱ እትማቸው ሊነበቡ ይገባል።

ነገር ግን ተማሪ የሚያነበው የሚጠየቀውን ነው። የቀይ አፈሩ ገበሬ እግር በጥያቄ ወረቀት ላይ ካልወጣ፣ አራተኛው መጽሐፍ ሳይገለጥ ይቀራል። ስለዚህ የመጽሐፍ ምርጫ ኃላፊነት በከፊል ፈተና በሚያወጡት መምህራን ላይ ይወድቃል። በወረዳ ሆስፒታል የሚያገለግሉ አባሎች ያዩትን ሕመም በጥንቃቄ ጽፈው ቢልኩ፣ መምህራንም ከዚያ ጥያቄ ቢያወጡ፣ የፍኖተ ሰላም ሕመምተኛ ገና ተማሪው ሳይመረቅ ይታወቃል።