ቃሉ በግማሽ የተሸፈነ ዜማ



«ቃሉ አልሰማ አለኝና ዘፈኑን አልወደድሁትም» ማለት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። የእኛ ሰው ዜማን ከግጥም ለይቶ ስለማይሰማ፤ አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ቃሉ በግማሽ ተሸፍኖ ሳለ ልብን የሚነካ ዘፈን መኖሩን የሚያስረዳ አንድ ሸክላ አለና፤ ዛሬ ስለ እርሱ እነግራችኋለሁ።

ሸክላው አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቡድን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፤ ስሙም «መርመር» ይባላል፤ ትርጓሜው ማጉተምተም ነው። ቡድኑን በ1980 ዓ.ም. በጆርጂያ ግዛት፤ ዩኒቨርሲቲ ባለባት በአቴንስ ከተማ የመሠረቱት አራት ወጣቶች ናቸው፤ እነርሱም ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ፤ ጊታር መቺው ፒተር በክ፤ ባለ ቤዝ ጊታሩ ማይክ ሚልስና ከበሮ መቺው ቢል ቤሪ ነበሩ።

የሸክላ ኩባንያቸው አይ.አር.ኤስ. በመጀመሪያ ያገናኛቸው ከስቲቨን ሄግ ጋር ነበር። እርሱም አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ካስመታቸው በኋላ፤ እነርሱ ያላሰቡትን የኪቦርድ ድምፅ ጨመረበት። ወጣቶቹ የመጀመሪያውን ሙሉ ሸክላቸውን ለማውጣት የሚጥሩ ጀማሪዎች ነበሩና፤ እምቢ ማለት ዕድላቸውን ሊያሳጣቸው ይችል ነበር። ሆኖም ቀድሞ ወደሚያውቁት ወደ ሚች ኢስተር እንዲመለሱ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ከእርሱና ከዶን ዲክሰን ጋር ሆነው በሰሜን ካሮላይና፤ በሻርለት ከተማ ሥራቸውን ፈጸሙ።

ከዚያ የወጣው ድምፅ ረጋ ያለ ነው። ጊታሩ ክሮቹን በአንድነት ከመምታት ይልቅ አንድ በአንድ እየነካ ይሄዳል፤ ቤዙ ራሱን የቻለ ዜማ ይዞ ይከተለዋል፤ የዘፋኙም ድምፅ ከመሣሪያዎቹ በላይ ሳይሆን በመካከላቸው ይቀመጣል። በሸክላው ሽፋን ላይ የሚታየው ኩድዙ የተባለ ሐረግ ነው፤ ይህ ሐረግ በደቡባዊ አሜሪካ ዛፉንም ቤቱንም አልብሶ ቅርጹን ብቻ ያስቀራል። የስታይፕም ቃል እንደዚሁ ነው፤ ቅርጹ ይታያል እንጂ ፊቱ አይታይም።

በቅኔያችን ሰሙን የገፈፈ ወርቁን ያገኛል፤ ባለቅኔው አስቀድሞ አኑሮታልና። በዚህ ሸክላ ግን ወርቁን አድማጩ ከገዛ ልቡ ያዋጣል።

ሥራው የገበያውን አንደኛነት አላገኘም፤ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ የደረሰው እስከ 36ኛው ደረጃ ነው። ነገር ግን ተማሪዎች የሚያካሂዷቸው የዩኒቨርሲቲ ራዲዮ ጣቢያዎች አቅፈው ያዙት። የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በገነነበት በዚያው በ1983 ዓ.ም.፤ ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ብሎ የመረጠው «መርመር»ን ነበር። ቡድኑ በ2011 ዓ.ም. ቢበተንም፤ ሸክላው ዛሬም ይደመጣል።

እንግዲህ ከቢሮ ድካም በኋላ ስትሰሙት፤ በመጀመሪያው ጊዜ ቃሉን አታሳድዱ፤ ዜማውን ብቻ ተከተሉ። በሁለተኛው ጊዜ ከቃሉ ጥቂቱ በራሱ ይመጣል፤ ያልመጣውንም ተዉት። በእንግሊዝኛ ማጉተምተም የሆነው ስም ለእኛ ጆሮ «መርምር» ለሚለው ቃል ይቀርባል፤ ለዚህ ሸክላም ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

ደኅና ሰንብቱ።