ስለ ጺማም እንሽላሊት ደረቅ ምግብ አመራረጥና አሰጣጥ
(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ከብትና ስለ በግ፥ ስለ ዶሮና ስለ ንብ ብዙ በተነገረበት መድረክ ላይ ስለ እንሽላሊት ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በሙያው የተሠማራን ሰዎች ደጋግመን ከምናያቸው ታካሚዎች አንዷ ይህች ፍጥረት ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአገራችን ሰው ልጁን አስከትሎ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። ልጁ በጫማ ካርቶን ውስጥ አንዲት ያላደገች ጺማም እንሽላሊት ይዞ ነበር። መንጋጋዋ እንደ ጎማ ለስልሷል፤ እግሮቿም ይንቀጠቀጣሉ። ምን እንደምትመገብ ብጠይቅ አባትየው አንድ ቆርቆሮ አውጥቶ፥ «ዶክተር፥ በምግብ እንኳ አልበደልናትም፤ ስልሳ በመቶ ፕሮቲን እንዳለው ተጽፎበታል» አለኝ። በቆርቆሮው ውስጥ የነበረው የደረቀ የዱቄት ትል ብቻ ነው። ጽሑፉ ሐሰት አልነበረም፤ እንስሳይቱ ግን አጥንቷ እያለቀ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማስረዳት ነው።

ጺማም እንሽላሊት፥ በሳይንሳዊ ስሟ ፖጎና ቪቲሴፕስ፥ የአውስትራሊያ መካከለኛና ደረቅ ምድር ተወላጅ ናት። በልጅነቷ በብዛት ነፍሳትን፥ ካደገች በኋላ ግን በብዛት ቅጠላ ቅጠልን ትመገባለች። የበረሃ ፍጥረት እንደመሆኗም ከምታገኘው ውሃ ከፍ ያለው ክፍል ከምግቧ የሚመጣ ነው።

ቋንጣ የሰቀለ ሰው ሁሉ ማድረቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። እኛ በነፋስና በፀሐይ የምናደርገውን ፋብሪካው በብርድ ያደርገዋል። ነፍሳቱ ከቀዘቀዙ በኋላ አየሩ በተሳበበት ዕቃ ውስጥ ይገባሉ፤ በረዶውም ወደ ውሃነት ሳይመለስ በቀጥታ ተን ሆኖ ይወጣል። በዚህ ዘዴ ቅርጹ አይበላሽም፤ ፕሮቲኑና ስቡም በአብዛኛው ይጠበቃል። የሚወጣው ውሃው ነው። ሆኖም ብርዱ ጀርምን ሁሉ አይገድልም፤ ሳልሞኔላ ከደረቀ ምግብም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ምግቡንም ሆነ እንስሳይቱን የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም ይራቁ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው ጽሑፍ እንመለስ። ክሪኬት የሚባለው ጯሂ የፌንጣ ዘመድ በሕይወቱ ሳለ 70 በመቶ ያህል ውሃ ነው። በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም ፕሮቲን ቢኖረው፥ ይህ ፕሮቲን የሚገኘው ከውሃው በተረፈው 30 ግራም ውስጥ ስለሆነ፥ በደረቅ ክብደት ሲሰላ 67 በመቶ ይሆናል። 5 በመቶ ውሃ የቀረበት የደረቀ ምግብ ደግሞ 60 በመቶ ፕሮቲን ቢጻፍበት፥ በዚሁ ስሌት 63 በመቶ ነው። እንግዲህ ደረቁ ውሃውን አጣ እንጂ ከሕያው የበለጠ ፕሮቲን አላገኘም።

ከፕሮቲኑ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው የካልሲየምና የፎስፎረስ ሚዛን ነው። በጠቅላላው አመጋገብ ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ሁለት እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። በዱቄት ትል ውስጥ ግን ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ በክሪኬትም ብዙ እጥፍ ነው። ጥቁር ወታደር የተባለው ዝንብ እጭ ብቻ፥ ከተለመዱት መካከል፥ ካልሲየሙ ይበልጣል። ሕያው ነፍሳት ከመቅረቡ አንድና ሁለት ቀን በፊት ካልሲየም ያለበትን ምግብ በልቶ ሆዱን ሊሞላ ይችላል፤ የደረቀው ግን ይህ ዕድል አልፎታል። ስለዚህ ገዢው የይዘቱን ዝርዝር ያንብብ፤ የነፍሳቱ ዓይነት በስም ያልተጻፈበትን ይተው፤ አንድ ዓይነት ብቻ ከያዘው ይልቅ የተለያየውን ይምረጥ። ከተከፈተ በኋላም እርጥበትና ብርሃን በማይደርስበት፥ በደንብ በሚከደን ዕቃ ያኑረው።

አሰጣጡም ሥርዓት አለው። የአገራችን ገበሬ ለበሬው ድርቆሽ ሲያቀርብ ውሃውን አይረሳም። የደረቀው ነፍሳትም ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ ከዚያም ውሃው ጠፍፎ፥ ገና እርጥብ ሳለ፥ የካልሲየም ዱቄት ይነስነስበት፤ በደረቁ ላይ ቢነሰነስ ይራገፋልና። እንሽላሊት የምታድነው የሚንቀሳቀሰውን ስለሆነ፥ መጀመሪያ ላይ በወረንጦ ይዞ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። የተረፈው እርጥብ ምግብ በዚያው ቀን ይጣል። ከጎኑም ጎመንን የመሰለ ትኩስ ቅጠል ይቅረብ፤ ስፒናች ግን ካልሲየምን የሚይዝ ኦክሳሌት ስላለበት የዘወትር ምግብ አይሁን።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ያለ ብርሃን ከንቱ ነው። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በቪታሚን ዲ 3 ረዳትነት ነው፤ ይህንንም ቆዳዋ የሚሠራው ከአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ነው። በመስኮት መስተዋት ያለፈ ፀሐይ ይህ ጨረር የለውም፤ ስለዚህ ልዩ መብራትና 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሚሞቅ ማረፊያ ያስፈልጋታል።

የልጁ እንሽላሊት በካልሲየም መድኃኒት፥ በመብራትና በተለወጠ አመጋገብ ዳነች፤ መንጋጋዋ ግን እንደተጣመመ ቀረ። አባትየው ያን ቆርቆሮ እንዲጥል አልነገርሁትም። ለመንገድ፥ ሕያው ነፍሳት ለታጣበት ሳምንት፥ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎም ለመለወጫ ይጠቅማል። አበው ስንቅንና ማዕድን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ስንቅ መንገደኛን ከረኃብ ያድናል፥ ቤተሰብን የሚያሳድገው ግን ማዕድ ነው። ደረቅ ምግብም ስንቅ ነው። ሻጩ ይህን ላይናገር ይችላል፤ ስለዚህ መናገሩ የእኛ የባለሙያዎቹ ግዴታ ነው።